«ሁሉም ያው ናቸው» ስለ ማለት

በዘመናችን ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ቃል አለ። ሽማግሌው ይናገረዋል፤ ወጣቱ ይናገረዋል፤ በገበያ ሽንኵርት የምትቸረችረው ሴት ትናገረዋለች፤ በወንበር ላይ የተቀመጠው ሹም እንኳ ከወንበሩ ሲወርድ ይናገረዋል። ይኸውም «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለው ቃል ነው። ያለፉት ገዢዎች ያው ናቸው፤ ያሉትም ያው ናቸው፤ የሚመጡትም ቢመጡ ያው ናቸው ማለት ነው። ይህን የተናገረ ሰው ብዙ ያየና ብዙ ያወቀ ይመስላል፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው» ይለዋል። እኔም ይህን ቃል በብዙ ስፍራ ሰምቼ፥ አንዳንድ ጊዜም ራሴ ተናግሬው፥ ከጊዜ በኋላ ግን ውሸት መሆኑን ስለ ተረዳሁ ይህን ጽሕፈት ጻፍሁ። ነገሩ ከሁሉ አስቀድሞ እኔንና እኩዮቼን የሚከስ ስለ ሆነ፥ ወጣት አንባቢ ቢያገኘው «ሽማግሌው ደግሞ ሊቈጣን መጣ» ብሎ እንዳይዘጋው እለምናለሁ።

የምኖረው በሰንበቴ ነው። ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፥ አጣዬን አልፈው ከሚሴ ሳይደርሱ የምትገኝ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። በክርስቲያኖች ዘንድ ሰንበቴ ማለት ምእመናን በእሑድ ቀን በደጀ ሰላም ተሰብስበው ዳቦና ጠላ የሚቀማመሱበት ማኅበር ነው፤ ከተማችን ግን ከሕዝቧ የሚበዛው ሙስሊም ሆኖ ሳለ ይህን ስም ይዛ ትኖራለች፤ ገበያዋም እሑድ ነው። በዚያ ቀን አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ፥ አማራው ከደጋ እህሉን በአህያ ጭኖ፥ አርጎባውና የአገሩ ኦሮሞም ያለውን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በሌላው ቋንቋ ሲከራከር ይውላል። እኔ ፊደል የቈጠርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ቤት የቀረልኝ ልማድ ቢኖር ያላነበብሁትን ወረቀት አለመፈረም ነው፤ የሒሳብ መምህራችን ለአንድ ፓኮ ጠመኔ እንኳ ደረሰኝ የሚጽፍ ሰው ነበርና። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አስተምሬ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት፥ እሑድ ገበያው ሲበተን፥ በአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ባጃጁን አቁሞ ወደ እኔ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ አባቱ ስለ ሞተ ታናሽ ወንድሙን የሚያስተምረው እርሱ ነው። የወንድሙና የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት አንድ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዴስኮቹ ተሰባብረው፥ አንዳንዶቹም ለማገዶ ሆነው ስለ ነበር፥ ወላጆች ለአዲስ ዴስክ ማሠሪያ ገንዘብ አዋጥተናል። ገንዘቡ ተሰብስቦ አልቋል፤ ዴስኩ ግን የመጣው ግማሹ ነው፤ እስከ ዛሬ በድንጋይ ላይ የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ምናልባት የእንጨት ዋጋ ጨምሮ ይሆናል፤ ምናልባትም ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ ሒሳቡን ያየ ሰው የለም። ስለዚህ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ሰውም ያምንሃል። ለወላጆች ኮሚቴ ልጠቍምህና ሒሳቡን አብረን እንመርምር» አልሁት።

ሣቀ። «ቲቸር፥ ይተዉት። ሁሉም ያው ናቸው» አለኝ። «እኔ ብገባ ወይ እበላለሁ፥ ወይ በላ እባላለሁ።»

«ማንንም በላ አላልሁም፤ ሒሳቡ ይታይ ነው የምለው» ብለው፥ አንገቱን አቀርቅሮ ጥቂት ቈየና እንዲህ አለኝ፤ «ቲቸር፥ አይቀየሙኝ እንጂ ይህን እኮ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት በተደረገው ምርጫ፥ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 547ቱንም አሸነፉ ተባለ። በዚያ ሰሞን ለስምንተኛ ክፍል ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። አንድ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፥ በአገሩ ሁሉ ሌላ የመረጠ አንድ ሰው እንኳ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚገባው መልስ ብዙ ነበር። በእያንዳንዱ ምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ ወንበሩን ስለሚወስድ፥ የተሸነፉት ድምፆች በምክር ቤቱ ውስጥ እንደማይታዩ ማስረዳት እችል ነበር። ከዚያ በፊት በ1997 ዓ.ም. ምን እንደ ተደረገ መንገርም እችል ነበር። ምንም ባልችል እንኳ «ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለመመለስ እፈራለሁ» ብለው እውነት በሆነ ነበር። ከእነዚህ አንዱንም አላደረግሁም። ጠመኔውን በጣቴ እያገላበጥሁ ፈገግ አልሁ። ልጆቹ ሣቁ፤ ደወል ተደወለ። ያ ፈገግታ በዚያ ቀን ብልሃት መስሎኝ ነበር፤ እንጀራዬንም አላስቈረጠኝም። ጠያቂው ይኸው ባለ ባጃጁ ልጅ ነው። ያስተማርሁትን ብዙ ነገር ረስቶ ፈገግታዬን ይዞ አድጓል።

ይህን ፈገግታ ከየት አመጣሁት ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እኔና እኩዮቼ ልጆች ሳለን እንዲህ አልነበርንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ጊዜ ሰው ከየገጠሩ ወደዚህ አውራ መንገድ እየወጣ ሲወድቅ አይተናል። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያን ረኃብ በፊልም ለአገሩ ሰው አሳየ፤ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ ደግሞ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታወጀ። አባቴ እኩል አራሽ ነበር። አዋጁ በሬዲዮ በተነገረ ዕለት ምንም ሳይናገር ከዘራውን አንሥቶ ወጣና የሚያርሳትን ማሳ ዳር ዳሯን ዞሮ ተመለሰ፤ ከዚያም እናቴን ቡና እንድታፈላ አዘዛት። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በእድገት በኅብረት ከዘመቱት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበር። ካኪውን ለብሶ ሊሰናበተን ሲመጣ እንደ እርሱ ያለ ያማረ ሰው በዓለም የለም ብዬ አስብ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ ቀረ። ሬሳውን አላየንም።

አብሮት የዘመተ ጓደኛው ዛሬ ጎረቤቴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው። እርሱ ስለ ፖለቲካ ተስፋ በተነሣ ቍጥር የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተስፋ ያደረገው ሞተ፤ የተጠራጠረው ልጅ ወልዶ አሳደገ» ይላል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ወንድሙን የቀበረ፥ ወይም እንደ እኔ ሊቀብረው እንኳ ያልቻለ ሰው ሊመልስለት ቢሞክር ጕሮሮው ይታነቃል። ብዙ ዓመት ሳልመልስለት ኖሬአለሁ። አሁን ግን የሚመለስለት ይመስለኛል።

እኛ በዚያ ዘመን የነበረን ተስፋ አልነበረም፤ እርግጠኝነት ነበር። ሁለቱ ነገሮች ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ተስፋ የሚያደርግ ሰው ግን ነገሩ ላይሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል፥ ይመረምራል፥ ሌላውን ይሰማል፥ ስሕተቱን ያርማል። ገበሬ ሲዘራ ዝናብ ይመጣል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ዘሩን ሁሉ ግን በአንድ ቀን አይበትንም። እርግጠኛ የሆነ ሰው ነገን ዛሬ የጨበጠው ስለሚመስለው በመንገዱ የቆመውን ሁሉ የነገ ጠላት ያደርገዋል። ደርግም፥ ኢሕአፓም፥ መኢሶንም መጪውን ዘመን ከአንድ ዐይነት መጻሕፍት አንብበው እርግጠኞች ነበሩ። በደላቸው እኩል ነው አልልም፤ የመንግሥት ኀይል የገደለው እጅግ ይበዛል፤ በ1969 ዓ.ም. ሚያዝያ 9 ቀን ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ በአደባባይ የሰበረው የአገሩ መሪ ነው። ነገር ግን «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» የሚል ቃል ከሦስቱም ወገን የሰማ ሰው አላገኘሁም። ወንድሜን የገደለው ተስፋ ማድረጉ ነው ሲሉኝ የማልቀበለው ስለዚህ ነው።

እርግጠኝነት ሲወድቅ ደግሞ ወደ ተስፋ አይመለስም፤ ወደ ሌላ እርግጠኝነት ይገለበጣል። «ነገ ገነት ይሆናል» ይል የነበረው አፍ «ነገ ያው ነው» ይላል። ሁለቱም ቃላት ነገን አስቀድሞ ማወቅ ናቸው፤ ሁለቱም ከሥራ ያሳርፋሉ። ይህን በ1966 ዓ.ም. ብቻ ያደረግነው እንዳይመስልህ። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ወር አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሾሙ፥ እስረኞችም ሲፈቱ፥ በዚያው ክረምት ከኤርትራ ጋር ሰላም ሲወርድ፥ እኔ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረብሁ ሽማግሌ በቴሌቪዥን ፊት አለቀስሁ። ሰው የመሪ ምስል የታተመበት ካናቴራ እየለበሰ በመንገድ ይሄድ ነበር። በመሪ ምስል ላይ ካናቴራ ማልበስ ሳይሆን ጥያቄ ማቅረብ ይገባን እንደ ነበር የተናገረ ሰው በዚያ ሰሞን ምቀኛ ይባል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት 24 ቀን በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እኛም አገር ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ ውል ተፈረመ ስንል፥ በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ። ካናቴራውን ለብሰው የነበሩት ሰዎችም አውልቀው ወለል መወልወያ አደረጉትና «ድሮም ያው ናቸው ብለን ነበር» አሉ። አላሉም ነበር።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። እኛ ሽማግሎቹ እባቡን ስላየን ልጥ ቢያስደነግጠን አይፈረድብንም። ልጆቻችን ግን ያን እባብ አላዩትም፤ ያዩት እኛን ስንሮጥ ነው። እኛም «ለምን ትሮጣላችሁ?» ብለው ሲጠይቁን የሆነውን ከመንገር ይልቅ «ከፖለቲካ ራቁ፤ አርፋችሁ ተማሩ» አልናቸው። በየቤታችን ስለ ጠፉት ሰዎች ዝም አልን። ወንድሜ ምን ያምን እንደ ነበር፥ በምን እንደ ተሳሳተ፥ በምንስ ትክክል እንደ ነበር ለገዛ ልጆቼ አልተናገርሁም። ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ አለ፤ ልጆቼ ያደጉት ፎቶግራፉን እንጂ ሰውየውን ሳያውቁ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። «ሁሉም ያው ናቸው» እውነት ነውን? መምህር ነኝና እንቍጠር። ከ1967 ዓ.ም. በፊት አባቴ ከሚያመርተው ግማሹን ለባለ መሬት ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልሰጠም። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ መቅረቱ የራሱ መዘዝ አለው፤ እርሱን ሌላ ጊዜ እንከራከራለን፤ ለአባቴ ግን ሁለቱ ዘመናት ያው አልነበሩም። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሃያ ዓመቴ ነበር። ትምህርቱ በመጀመሪያ በ5፥ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እኔ በማታ፥ በኩራዝ ብርሃን፥ ጎልማሶችንና ባልቴቶችን በኦሮምኛ አስተማርሁ፤ ኦሮምኛው ያን ጊዜ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጄ በቁቤ ይጽፈዋል። ዘመቻው የመንግሥት ስብከት የተቀላቀለበት መሆኑ አይካድም፤ የሚነገረውም የተማሪ ቍጥር ሁሉ የሚታመን አልነበረም። ነገር ግን ከተማሪዎቼ አንዲት የስድሳ ዓመት ባልቴት ስማቸውን ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ከመቀነታቸው ቋጠሩት። ያን ዘመቻ ያካሄደውና ወንድሜን ያጠፋው መንግሥት አንድ ነው። ይህ ያስጨንቃል፤ «ያው ናቸው» የሚለው ሰው ግን ከዚህ ጭንቀት አምልጦ ይተኛል።

ምርጫውንም እንቍጠር። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ ወንበር እንዳገኙ ራሱ መንግሥት አመነ፤ የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ ያገኘው ቅንጅት ነበር። ውጤቱ አከራከረ፤ በሰኔና በጥቅምት በተነሣው ሁከት ሰው ተገደለ፤ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያገኘው የሲቪል ሟቾች ቍጥር 193 ነው። በ2002 ዓ.ም. ገዢው ወገንና አጋሮቹ 545 ወንበር፥ በ2007 ዓ.ም. 547 ወንበር ያዙ። እነዚህን ቍጥሮች በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለዚያ ልጅ ባሳየው ኖሮ «ያው» የሚባል ነገር እንደሌለ ራሱ ባየ ነበር፤ አንድ ነገር ተከፍቶ እንደ ነበርና፥ በሰው እጅ እንደ ተዘጋ፥ በሰው እጅ የተዘጋም በሰው እጅ ሊከፈት እንደሚችል ባየ ነበር። እኔ ግን ፈገግ አልሁ።

ይህ ቃል ለማን እንደሚጠቅም ደግሞ ልብ በል። ሒሳብ አስቀምጦ በንጽሕና የሚሠራውን ሹም ከሚሰርቀው ጋር «ያው ነህ» ስትለው፥ ንጹሑ «ታዲያ ለምን እደክማለሁ?» ይላል፤ ሌባው ደግሞ እፎይ ይላል። «ሁሉም ያው ናቸው» የሚባልባት አገር ለሌባ የምትመች አገር ናት፤ ማንም አይለየውምና። ጨካኝ ገዢ እንዲወደድ አይጠብቅም፤ የሚሻለው ያለ አይመስላቸው እንጂ ቢጠሉትም ግድ የለውም።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ጥንታዊው የግሪክ ሰው ስለ ዲዮጋን አስተምረውን ነበር። በሰውና በመንግሥት የሚያፌዘውን ሰው ፈረንጆች ዛሬ ሲኒክ ይሉታል፤ ይህ ስም የመጣው ውሻ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ዲዮጋንም ከዚያ ወገን አንዱ ነበር። በቀትር ፋኖስ አብርቶ ሰው እፈልጋለሁ እያለ በገበያ ይዞር ነበር ይባላል። ታላቁ እስክንድር ቀርቦ ምን ላድርግልህ ቢለው፥ ፀሓይ ከልክለኸኛልና ዞር በልልኝ አለው ይላሉ። እንግዲህ እርሱ ያፌዘው በንጉሡ ፊት ነው፤ ፋኖሱንም ያበራው ሰው ለመፈለግ ነው። የእኛ ፌዝ ከንጉሥ በስተኋላ፥ በሻይ ቤት፥ በር ተዘግቶ ነው፤ ፋኖስም የለን። በዲዮጋን ስም ልንጠራ አይገባንም።

አንድ ሰው ግን እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ «ይህ ቃል የድኻ መጽናኛ ነው፤ ማንንም አይጐዳም፤ ለምን ትከራከርበታለህ?» አይጐዳም የሚል ሰው በ2013 ዓ.ም. በዚህ አገር አልነበረም።

በዚያ ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ከእኛ ጥቂት ራቅ ብላ ያለችው አጣዬ ተቃጠለች። በዙሪያዋም፥ በእኛም ወረዳ፥ ከኦሮሞውም ከአማራውም ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤት ነደደ፤ ሚያዝያ ላይ በሰሜን ሸዋና በእኛ ዞን የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ወጣ። ማን ጀመረው የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ በእያንዳንዱ ቤት ሌላ መልስ አለና። እኔ የማነሣው በእነዚያ ሳምንታት በጆሮዬ የሰማሁትን ቃል ነው። በአንድ ወገን ስቀመጥ ስለ ሌላው ወገን «እነሱ ሁሉም ያው ናቸው» ይሉ ነበር። ወደ ሌላው ወገን ስሄድም ያንኑ ቃል፥ በሌላው ቋንቋ፥ ሳይጨመርበት ሳይቀነስ ሰማሁት። አርባ ዓመት በገበያ ሲገበያዩ የኖሩ፥ አንዱ በሌላው ሰርግና ለቅሶ የቆመ፥ የጎረቤቱን ልጅ ስም የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ስሞቹን ሁሉ ረስቶ አንድ ስም ብቻ ቀረው። ይህን ቃል ከየት ተማሩት? ከእኛው ነው። መንግሥት ያው ነው፥ ዳኛ ያው ነው፥ ፖሊስ ያው ነው፥ ተብሎ የተነገረው ልጅ፥ ሲጨንቀው የሚሸሽበት ምን ቀረው? ወገኑና ጠመንጃው ብቻ። ሰውን እየለየ መመዘን በሹማምንት ላይ የተወ አእምሮ፥ በጎረቤት ላይ ሲሆን አይመለስለትም።

በአገራችን አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሎች አሉ። ሰው ተገድሎ ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ የማን ወገን ገደለ ብለው አይጀምሩም፤ ማን ገደለ፥ የማን ልጅ ነው፥ በምን ቀን፥ በምን ምክንያት ብለው ነው የሚጀምሩት። አንዱን ከአንዱ ሳይለዩ ካሣ አይቈረጥም፤ ካሣ ሳይቈረጥ ዕርቅ የለም። እነዚህ ሽማግሎች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሱ ናቸው፤ ለዘር ሁሉ አንድ ፍርድ የሚሰጠው ግን ዲግሪ የጫነው ልጃችን ሆኖ አገኘሁት። ባለ ባጃጁን ልጅ በዚህ ነገር አልወቅሰውም፤ በዚያ ሰሞን ሁለት የሌላ ወገን ሰዎችን በባጃጁ ደብቆ ወደ መንገድ ማውጣቱን ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ። እርሱ ራሱ አልነገረኝም።

ስለ ወጣቶቹም አንድ የሚያስቀኝና የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ተስፋ ቈርጠናል ይላሉ፤ ሰው ግን ያለ ተስፋ መኖር አይችልም፤ ስለዚህ ተስፋቸውን አሻግረው ተክለውታል። ከዚህ ከእኛ አገር በአፋር አድርገው፥ ጅቡቲ ገብተው፥ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመን ወደ ሳዑዲ የሚሄዱት ስንት ናቸው! በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መለሰች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ ገና ተመልሰው ሄዱ። የእናቱን ላም አሽጦ ገንዘቡን መልኩን ለማያውቀው ደላላ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ወጣት፥ በሰፈሩ ላለው ኮሚቴ «እምነት የለኝም» ሲል ስሰማ ምን ልበለው? ድኽነቱን አውቃለሁ፤ መሄዱን አልነቅፍም። ያልገባኝ ግን ደላላው «ያው» አለመባሉ ነው።

እናንተ እኩዮቼ፥ ቡና ላይ ተቀምጠን የምናወራውን እንተው ብላችሁ አትቈጡኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ልጆች ሲገቡ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ለምደናል። እኔ በበኩሌ ባለፈው በዓል ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን ሰብስቤ የወንድሜን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ምን እንዳመነ ነገርኋቸው፤ ትክክል የነበረበትንም፥ የተሳሳተበትንም፥ እንዴት እንደ ቀረም። ትንሹ ልጅ «ታዲያ አባባ፥ ተሸነፈ ወይስ አሸነፈ?» አለኝ። ብዙ አሰብሁ። «አያትህ ያረሳትን ማሳ ማንም ግማሹን አልወሰደበትም» አልሁት። መልሱ ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፈገግ ብዬ ግን አላለፍሁትም።

ባለ ባጃጁን ልጅም ሻይ ቤቱ ድረስ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል ስላላወቀ ተነሥቶ ቆመ፤ «ኧረ ቲቸር፥ ኧረ ቲቸር» እያለ እጁን ያፍተለትል ነበር። ከዚያ የሦስቱን ምርጫዎች ቍጥር በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጽፌ ሰጠሁትና፥ በስምንተኛ ክፍል ላቀረበው ጥያቄ ከዓመታት በኋላ የማውቀውን ያህል መለስሁለት። ካርቶኑን አየት አድርጎ ኪሱ ከተተው። ስለ ኮሚቴው ግን «እስቲ አስብበታለሁ» ከማለት በቀር ምንም አላለኝም።

የወላጆች ስብሰባ ባለፈው እሑድ ከገበያ በኋላ ነበር። የመጣነው አሥራ አንድ ሰዎች ስለ ነበርን፥ ሰው አልሞላም ተብሎ ለሚመጣው እሑድ ተላለፈ። ርእሰ መምህሩ ግን ሒሳቡን ለማየት መጠየቄን ሲሰሙ አልተቈጡም፤ «እስከዚያ ያንብቡት» ብለው መዝገቡን አውጥተው ሰጡኝ። አሁን በጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው፤ እስከ አሥራ ዘጠነኛው አንብቤአለሁ፤ እስካሁን ያለ ደረሰኝ ያገኘሁት የአንድ ቀን የጭነት ዋጋ ብቻ ነው።